ድሬዳዋ በመስታወት ሳጥን ውስጥ

«እህቴ፣ ኮቱን አውልቂው።»

«አላወልቅም።»

«ጉርድ ፎቶ እኮ ነው። ኮሌታው ተቆልሎ አንገት የሌለሽ አስመሰለሽ።»

«አንገት አለኝ፣ አትጨነቅ። በርዶኛል። በቃ እንዲሁ አንሳኝ!»

በርዶኛል ስል ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ቅንድቤ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለቱ ትልልቅ የስቱዲዮ መብራቶች ፊት ለፊቴ ተገትረው ያንገበግቡኛል፤ እኔ ደግሞ የአባቴን ወፍራም ካፖርት እስከ አገጬ ቆልፌ በርጩማው ላይ ተቀምጫለሁ። ፎቶ አንሺው ከካሜራው ጀርባ ብቅ ብሎ አየኝ። ቀጠን ያለ ጠይም ልጅ ነው። ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል፤ ዓይኑ ግን ሳቀብኝ።

«እሺ፣ ቢያንስ የላይኛዋን ቁልፍ ፍቺያት።»

«እሷን እፈታለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ። ብርሃኑ በዚያች ክፍተት እንዲገባ እኔም እፈልግ ነበርና።

አነሳኝ። «ጨርሰናል» አለ።

«ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ድገመው።»

«አልጨፈንሽም።»

«ጨፍኛለሁ አልኩህ! ዓይኑ የማን ነው?»

ደገመው። አፌ ተጣሟል አልኩት፣ ደገመው። ፀጉሬ ተበትኗል አልኩት፣ እሱንም ደገመው። በመጨረሻ ሆዴ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። እፎይ! ነቅቷል። «በቃ፣ ይሄኛው ቆንጆ ነው» ብዬ ተነሳሁ።

«ስምሽን ለፖስታው ልጻፈው።»

«ጃለኔ።»

«እኔ መድሃኔ።»

«አልጠየቅኩህም» ብዬው ወጣሁ። ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር ግን ስሙን በልቤ ደግሜዋለሁ።

እናንተዬ፣ ኮቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገራችሁና ሳቁብኝ። እንሽላሊት ነው። አዎ፣ እንሽላሊት! ክንድ የሚያህል፣ ከነጺሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ አቶ ለታ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ነጂ ነበር። ከለገሃር ተነስቶ በአዋሽ አድርጎ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ተመልሶ ለገሃር። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ወርቄ ናት። ሦስታችን ካዛንቺስ፣ ጓሮዋ ጭቃ የማይጠፋባት አንዲት ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። በሚሊኒየሙ ሰሞን ባቡሩ ቆመ። ባቡሩ ሲቆም አባዬም አብሮ ቆመ። ጠዋት ወንበሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይገባል። «አባዬ፣ ሻይ ላምጣልህ?» ራሱን ይነቀንቃል። «አባዬ፣ አሞሃል?» ትከሻውን ይሰብቃል። ያ ተጫዋች ሰው ቃል ከአፉ ጠፋ። እኔ ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ አለቅስ ነበር።

የግቢያችንን ሰርቪስ ቤት ኢንግሪድ የምትባል ፈረንጅ ተከራይታው ነበር። እንሽላሊቱ የእሷ ነው። ሲቆጣ ጉሮሮውን ነፍቶ ያጠቁረዋል፤ ያኔ ጺሙን ያሳደገ ሽማግሌ ይመስላል። ዘሩ የበረሃ ነው አለችን። ለእረፍት አገሯ ልትሄድ ስትል ከነመስታወት ሳጥኑ ለአባዬ አደራ ሰጠችው። ሳጥኑ ረዘም ያለ ነው። በአንደኛው ጥግ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ በላይ ደህና አድርጎ የሚያሞቅ አምፖል ተንጠልጥሏል። በሌላው ጥግ አምፖል የለም፣ ጥላ ነው፤ ግንድና የውኃ ሳህን ብቻ። ከላይ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ረጅም ነጭ መብራት አለ።

«ሲበርደው ወደ አምፖሉ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ወደ ጥላው ይመለሳል» አለች ኢንግሪድ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሙቀት ከሌለ ሆዱ አይፈጭም። ነጩ መብራት ለአጥንቱ ነው፣ እንደ ፀሐይ።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከሩቅ ቆማለች። «ለአጥንት ከሆነማ እንደ አራስ ልጅ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቃ! ምን መብራት ያስፈልገዋል?»

ኢንግሪድ ሳቀች። «እሱም በጣም ጥሩ ነው» አለች።

አባዬ ሳጥኑን ትኩር ብሎ አየው። እንሽላሊቱ ከድንጋዩ ወርዶ ቀስ እያለ ወደ ጥላው ተጓዘ። አባዬ ጣቱን አነሳ።

«ይሄ ጥግ ድሬዳዋ ነው» አለ። ድምፁ ዝጎ ነበር። «ያኛው ለገሃር። መሃሉ አዋሽ።»

እኔና አክስቴ ተያየን። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባዬ ሥራ አገኘ! ሌሊት ብርድ ልብስ ያለብሰዋል፣ ጠዋት መብራቱን ያበራለታል፣ ፀሐይ ስትወጣ ክንዱ ላይ አስቀምጦ በረንዳ ላይ ያሞቀዋል፣ ጎመን በእጁ ይከትፍለታል። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ጃሌ! አዋሽ ደረሰ!» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ድሬ ገባ! ሰዓቱን ጠብቆ ገባ!» የሰፈር ሰው ስሙን ጋሼ ጺሙ አለው። ኢንግሪድ በዚያው ቀረች፤ ስልክ ደውላ «ያንተ ይሁን» ስትለው አባዬ እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

ታዲያ ክረምት ገባ። ክረምቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት? የመብራት ፈረቃ የሚባለውም አብሮ መጣ። አንድ ቀን ይበራል፣ በማግስቱ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ድሬዳዋም ትጠፋለች። ድንጋይ በከሰል አሞቅን፣ ትኩስ ውኃ በጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቀለልን፣ ወዲያው ይቀዘቅዝብናል። ጋሼ ጺሙ መብላት ተወ፣ ቆዳው ጠቆረ። አባዬ ደግሞ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ዝም ማለት ጀመረ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ የፈራሁት ለእንሽላሊቱ አልነበረም። እሱ ከሞተ አባቴ እንደገና ይዘጋብኛል፣ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሚከፍተው የለም ብዬ ነው።

ከእኛ ቤት ወረድ ብሎ የጋሽ ሳላሀዲን ፎቶ ቤት ነበር። ጄኔሬተር አለው። መብራቶቹ ደግሞ የድሮዎቹ፣ ከሩቅ የሚጠብሱት ናቸው። «ጌታዬ፣ እንሽላሊቴን ላሙቅበት» ብል ማን ያስገባኛል? እናም የአባዬን ካፖርት ለበስኩ፣ ጋሼ ጺሙን ደረቴ ውስጥ አስገባሁ፣ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄድኩ።

ከዚያማ መብራት በጠፋ ቁጥር ጉርድ ፎቶ! ስታዲየም አካባቢ ኬክ ቤት ካሸር ነበርኩ፣ ሽፍቴ ከሰዓት ነው፤ ጠዋቱን ለመድሃኔ ሰጠሁት።

«ዛሬስ ለምንድነው?» ይለኛል።

«ለመታወቂያ።»

«ባለፈውም ለመታወቂያ ነበር።»

«ጠፋብኛ!»

ሌላ ቀን ለባንክ ነው፣ ሌላ ቀን ለሥራ ማመልከቻ። በኋላ መጠየቁንም ተወ። ስገባ መብራቱን ወደ እኔ ጠጋ ያደርጋል፣ በርጩማውን በመዳፉ ይጠርግልኛል። ቀስ በቀስ ወሬ ጀመርን። ተወልዶ ያደገው እዚያው ቂርቆስ ነው፤ አባቱ አቶ ሃድጉ ሜክሲኮ ጋ የልብስ ስፌት ቤት አላቸው። ሰው ሲያወራ ዓይን ዓይኑን ያያል። እኔ አፌ የማያርፈው ሴትዮ፣ እሱ ሲያየኝ የካፖርቱን ቁልፍ እቆጥር ነበር።

አንድ ቀን «አገጭሽን ትንሽ ቀና…» ብሎ በጣቱ ጫፍ ነካኝ። ልክ በዚያች ቅጽበት ጋሼ ጺሙ ሞቆት ኖሮ በጥፍሩ ጎኔን ኮረኮረኝ! ሳቅ አፈነኝ፣ ከዚያ ፈንድቶ ወጣ።

«ምን አሳቀሽ?» አለ ደንግጦ።

«ምንም… ምንም… ወይኔ!»

«እኔ ነኝ ያሳቅኩሽ?»

ስንፈቀፈቅ ቀጭ አድርጎ አነሳኝ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። እኔም አየሁት። በበሩ ደንበኛ ባይገባ ምን እንባባል እንደነበር እንጃ።

ወደድኩት። በቃ ወደድኩት! አገሩ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ያማርራል፣ እኔ ግን ነገ ይጠፋል ብዬ ፀጉሬን እሠራለሁ። መብራት የበራ ቀን ይከፋኛል። ኩልሱም የምትባል ጎረቤቴ፣ ጥግ ላይ ሱቅ ያላት፣ «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ጭቃ ሊፕስቲክ ተቀብተሽ የት ነው የምትሄጂው?» ስትለኝ ኮሌታዬን ከፍ አድርጌ አልፋታለሁ።

እሱ ግን አይናገርም። አንድ ነገር ሊለኝ ይነሳና ይተወዋል። ፎቶዬን ፖስታ ውስጥ አድርጎ ሲሰጠኝ ፊቱ ይጠቁራል። ምናለ አንዴ ቢተነፍስ እያልኩ ተብሰለሰልኩ።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ታክሲ አወረደኝ። ኩልሱም ከሱቋ ብቅ አለች።

«ጃሌ! መቼ ነው ሰርጉ?»

«የምን ሰርግ?»

«ኧረ ተይ አትደብቂኝ! ቪትሪኑ ላይ ተሰቅለሽ ሰፈሩን ሁሉ እየሳቅሽበት አይደል?»

ሮጥኩ። የፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ፣ ከሙሽሮችና ከተመራቂዎች መሃል፣ የእኔ ሳቅ! ትልቅ ሆኖ፣ በፍሬም። በእኛ ሰፈር ቪትሪን ላይ የሚሰቀለው ወይ ያገባ ነው ወይ የተመረቀ። እኔ አልተመረቅኩም፤ እንግዲህ የቀረውን ሰው ይገምታላ! ቤት ስገባ አክስቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት ደረቷን እየደቃች ጠበቀችኝ። «ጉድ ሠራሽን! ሽማግሌ ሳይላክ? ቤተሰብ ሳያውቅ?»

በማግስቱ ጠዋት በሩን ገጭ አድርጌ ገባሁ።

«አውርደው!»

መድሃኔ ብድግ አለ። «ጃለኔ…»

«አውርደው አልኩህ! ማን ፈቀደልህ? እኔ የሱቅህ ማስታወቂያ ነኝ?»

«ልጠይቅሽ ነበር። ማለቴ… ሳይሽ እንድውል ብዬ…»

«ስታየኝ እንድትውል ሰፈሩ ሁሉ ይየኝ? አክስቴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ፎቶውን አወረደው፣ በጋዜጣ ጠቀለለው፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። «መልካም መንገድ ይሁንልሽ።»

መልካም መንገድ? ቤቴ እኮ እዚያው ነው! ሁለተኛ እንዳትመጪ ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁት። እንባዬ ሳይመጣ ወጣሁ፣ ውጪ ግን ዝናቡ ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤት መሄድ የለም። ኩራቴ አላስኬደኝም። መብራት የጠፋ ቀን ጋሼ ጺሙን በትኩስ ጠርሙስ ስናባብለው እንውላለን፤ የበራ ቀን ብቻ ትንሽ ነፍስ ይዘራል።

በዚህ መሃል የድሮ አምፖል ተቀብለው በምትኩ ቆጣቢ አምፖል በነፃ የሚሰጡ ሰዎች ሰፈራችን መጡ። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ አባዬ ተኝቷል። አክስቴ ነፃ ሲባል ሰምታ ማን ይቻላት! የሳሎኑን፣ የማድ ቤቱን፣ የሽንት ቤቱን አምፖል ፈታ ፈታ አድርጋ ወሰደች፤ የድሬዳዋውንም ጨመረችው። ማታ ስገባ ቤቱ ቦግ ብሏል። «አየሽ?» አለችኝ ደስ ብሏት። «ለእሱም እንኳ አዲስ አደረግኩለት።»

ሦስታችንም አማረ አልን። መብራቱ ይበራል፣ ጋሼ ጺሙ ድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ አይወርድም። አባዬ ይጠብቃል። «ድሬ ላይ ቆሟል» ይላል። «ለምን አይመለስም?» በማግስቱ ደግሞ የመጥፊያው ቀን ደረሰ። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ አባዬ እጁን አምፖሉ ሥር ዘረጋ። ቆየ። መዳፉን አገላበጠ።

«ወርቄ» አለ፣ «ይሄ ነገር ይበራል እንጂ አይሞቅም።»

«እና?»

«ድሬዳዋን በነፃ ሰጠሽብኝ።»

አክስቴ ነገሩ ሲገባት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ቀኑ እሁድ ነበርና ኩልሱምም ሌሎቹም ሱቆች ዘግተዋል፤ የድሮውን አምፖል የሚሸጥ አጣን። ሰኞ ጠዋት ስንነሳ መብራት የለም፤ ጋሼ ጺሙም እንደ እንጨት ደርቋል። ዓይኑ ተከድኗል። ባነሳው እግሩ አይታጠፍም።

አባዬ አየው። አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ቅበሪው፣ ልጄ» አለ።

አልቀበርኩትም። ካፖርቱን ለበስኩ።

ፎቶ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሰሞን ነው፤ ተማሪው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ተሰልፏል። ሰልፉን ጥሼ ገባሁ። መድሃኔ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

«ጉርድ ነው?» አለ።

«መድሃኔ…» ብዬ ካፖርቱን ከፈትኩት።

«በስመ አብ!» ዘሎ ከካሜራው ጀርባ ገባ። ተማሪዎቹ እየጮሁ በር ላይ ተጨናነቁ።

«አይነክስም! ሞቷል… ሞቶብኛል… አባዬም…» በርጩማዋ ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

ቀስ ብሎ ከካሜራው ጀርባ ወጣ። እያለቃቀስኩ ነገርኩት፤ ባቡሩን፣ ሳጥኑን፣ ፈረቃውን፣ አምፖሉን።

«ኮትሽ ውስጥ የነበረው…» አለ።

«እሱ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ለቪዛ አልነበረም?»

«የምን ቪዛ?»

«ይሄ ሁሉ ጉርድ ፎቶ! ሰው ይሄን ሁሉ ጉርድ የሚነሳው አገር ሊለቅ ሲል ነው እኮ! ዛሬ ሄደች፣ ነገ ሄደች እያልኩ… የምትሄድን ሰው ወድጄሻለሁ ብዬ መንገዷን ላበላሽ? መልካም መንገድ ያልኩሽም…»

ጋሼ ጺሙን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ያለውን ነገር አሁን ነው የሰማው መሰለኝ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ አንድ ጣቱን ዘረጋ። ዓይኑን ጨፍኖ የጋሼ ጺሙን ጉሮሮ ነካ። አንዱን መብራት ሳበና ከላዩ አበራው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን።

«ጃሌ» አለኝ። ጃሌ ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። «ይተነፍሳል።»

እውነትም ጉሮሮው በስሱ ይነሳል፣ ይወድቃል።

«እዚህ ቢሞቅ ምን ዋጋ አለው?» አልኩት። «ቤት ስወስደው መልሶ ይደርቃል። አባዬም ፊቱን አዙሯል።»

ሰልፉን አየ። ጄኔሬተሩን አየ። ጋሽ ሳላሀዲን መርካቶ ሄደዋል። ለተማሪዎቹ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ነገ ኑ» አላቸውና በሩን ዘጋ። ፍራሽ ከሚሸጡት ሰዎች የእጅ ጋሪ ለመነ፣ ጄኔሬተሩንና ሁለቱን መብራቶች ጫነ፣ ላስቲክ አለበሳቸው። በዚያ ዶፍ ዝናብ፣ በዚያ ድንጋይ በድንጋይ ቁልቁለትና ዳገት፣ እሱ እየገፋ እኔ ከፊት እየጎተትኩ ግቢያችን ገባን። ካዛንቺስ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ አየን። አሁንማ ቪትሪኑ ምን አለው!

ጄኔሬተሩን በረንዳ ላይ አስነሳው። አባዬ አልጋው ላይ ነው። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ነቃ አለ። ከዚያ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ።

«ምንድነው የተነሳው?» አለ።

መድሃኔ አንዱን መብራት በድንጋዩ በኩል፣ ሌላውን በግንዱ በኩል ገትሮ ሁለቱንም አበራቸው። ጋሼ ጺሙን ድንጋዩ ላይ አስተኛሁት። አክስቴ በሹክሹክታ ትጸልያለች። ብዙ ጠበቅን። መጀመሪያ አንድ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ዓይኑን ገለጠ። እልል ልል ስል አፉን በሰፊው ከፍቶ ያለከልክ ጀመር።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አለ መድሃኔ ተደናግጦ።

«ሁለቱንም ጥግ ድሬዳዋ አደረግከውና!» የሚል ድምፅ ከበስተኋላችን ጮኸ። አባዬ ነው! በባዶ እግሩ፣ ብርድ ልብሱን ደርቦ ቆሟል። «ለገሃርን የት አደረስከው? እንስሳው በየት ይመለስ? አጥፋ ያንን!»

«እሺ አባባ!»

«ይሄኛውንም ከፍ አድርገው! ድንጋዩ እጅ የሚችለው ካልሆነ ሆዱን ይጠብሰዋል።» መዳፉን ድንጋዩ ላይ አድርጎ «ጨምር… ጨምር… እዚያ ጋ ያዘው» እያለ አዘዘው። መድሃኔ መብራቱን ተሸክሞ ልክ እንደ ረዳቱ ይታዘዛል። ጋሼ ጺሙ አፉን ዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ከድንጋዩ ወረደ፣ አንድ እግሩን አነሳ፣ ሌላውን አስከተለ።

«አዋሽ» አለ አባዬ። «አዋሽ ደረሰ።» ጉንጩ ረጥቦ ነበር።

ያኔ ነው በሩ ተበርግዶ ጋሽ ሳላሀዲን የገቡት። ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ናቸው።

«መድሃኔ! በምዝገባ ሰሞን? ደንበኛ በር ላይ እየጮኸ ጄኔሬተሬን…» ሳጥኑን አዩ። «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ወንበር ላይ ወጡ።

«ጋሽ ሳላሀዲን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው…» ብል ማን ይስማኝ።

«ጄኔሬተሬን መልስ፣ አንተ ግን አትመለስ!» አሉት። አባዬ «እስኪሞቅልኝ ድረስ ታገሡኝ፣ ወንድሜ» ሲላቸው ግን ለሽማግሌ እምቢ ማለት ከበዳቸው። ተቀመጡ። ሻይ ጠጡ። ጭለም ሲል «አሁን የት ደረሰ?» እያሉ አባዬን ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

መድሃኔን በር ድረስ ሸኘሁት። ዝናቡ አባርቷል።

«ሥራህን አጣህ» አልኩት።

«አጣሁ።»

«ይቆጭሃል?»

«ጃሌ… አትሄጂም አይደል? እውነት ንገሪኝ።»

«ካዛንቺስን ትቼ የት እሄዳለሁ? አንተን ትቼስ?»

የቀዘቀዘ እጄን በሁለት እጁ ያዘው። «እንግዲያው አይቆጨኝም» አለ።

በማግስቱ አክስቴ መርካቶን አዳርሳ የድሮውን አምፖል ይዛ መጣች፤ አንድ አይደለም፣ መሶብ ሙሉ። ጋሽ ሳላሀዲን በመድሃኔ ቦታ የእህታቸውን ልጅ አስገቡ። ልጁ የደንበኛውን ጭንቅላት ሁሉ እየቆረጠ ስላነሳ ሳምንቱ ሳያልቅ መድሃኔን ራሳቸው ቤቱ ሄደው መለሱት።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። ፎቶ ቤቱም፣ የኩልሱም ሱቅም ፈርሰው ፎቅ ተሠርቶበታል። ጋሼ ጺሙ ዕድሜውን ጠግቦ አረፈ፤ አባዬም እንደዚሁ፣ እያወራ። አንዳንዴ በታክሲ በዚያ ሳልፍ የትኛው ፎቅ የእኛ በረንዳ ላይ እንደቆመ ለመገመት እሞክራለሁ፣ አላገኘውም። ያቺ የጥቅምት እሁድ ግን አትጠፋኝም።

ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ሃድጉ፣ አንድ ቄስ ዘመዳቸው፣ እና ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ሳላሀዲን! «እኔው አባረርኩት፣ እኔው ልዳረው» ብለው ከፊት ቆመዋል። አክስቴ አባዬን ሳምንቱን ሙሉ ስታስጠናው ነበር። «ወዲያው እሺ እንዳትል! ወግ ነው። ዘመድ እንጠይቃለን ብለህ ቀጠሮ ትሰጣለህ። ልጃችን ረከሰች እንዳይሉን!»

እኔ ማድ ቤት ሆኜ ትሪ ይዤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ እንደ ወጉ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ብርጭቆዎቹ እንዳይንኳኩ ትሪውን ደረቴ ላይ አስደገፍኩ።

«ተቀመጡ» አለ አባዬ። «ቀጠሮ ስጥ ተብዬ ተመክሬያለሁ። አልሰጥም።»

አክስቴ አጠገቤ ሆና «ውይ ጉዴ!» ብላ ጭኗን መታች።

«ባቡሩ ሲቆም ሰው ሁሉ መጥቶ አይዞህ አለኝ» ብሎ ቀጠለ አባዬ። «ደጎች ናቸው። አይዞህ ብለውኝ ሄዱ። እኔ ግን በርዶኝ ነበር። ይሄ ልጅ አይዞህ አላለኝም። በዝናብ ጋሪ እየገፋ መጥቶ መብራት አበራልኝ። ልጄ ደግሞ ለእኔ ብላ እዚያ እሳት ፊት በካፖርት ተቀምጣ ላቧ ሲፈስ ከርሟል፤ አንድ ቀን አልነገረችኝም፣ ከሰው ነው የሰማሁት። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ለአንድ ሽማግሌ ይሄን ካደረጉ፣ ተነጋግረው ሲኖሩማ ምን ሊያደርጉ ነው? እሺ ብያለሁ። ግን ውሰዷት አልልም። ሰርቪስ ቤቱ ባዶ ነው፣ እዚሁ ይግቡልኝ።»

ጋሽ ሳላሀዲን ጮክ ብለው ሳቁ። አቶ ሃድጉ «እግዜር ያክብርልን» ብለው ጎንበስ አሉ። አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ በዚያው መሃል «አሳፈረን፣ አሳፈረን» ትላለች። እኔም ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጬ የማድ ቤቱን በር ተደግፌ አለቀስኩ። አባቴ እንዲህ ረጅም ሲናገር ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ፣ ትሪውን አነሳሁና ለሁሉም ሻይ ልቀዳ ገባሁ።